ወጥ አድርቆ ተራራ መውጣት፦ የምግብ ማድረቂያ ማሽን አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ

ደሴ አጠገብ ያለው ጦሳ ተራራ ላይ ወይ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን ባደርን ቁጥር ያው አንድ ጥያቄ ነው ሚመጣብኝ፣ «አንቺ ምስር ወጡን መቼ ሰርተሽው ነው በግማሽ ሰዓት ያቀረብሽው?» ከዛ ይቀጥላል፣ ማሽኑ ምን አይነት ነው፣ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ሰዓት፣ ሥጋስ ይሆናል ወይ። ለአንዱ በስልክ ለሌላው በድምፅ እየመለስኩ ጉሮሮዬ ራሱ ደረቀ፣ ስለዚ አንዴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ማድረቂያው ምግብ አያበስልም። ሞቅ ያለ አየር በፋን እየነፋ ውሃውን ብቻ ነው ሚያወጣው። ባክቴሪያም ሻጋታም ውሃ ካላገኘ መራባት አይችልም፣ ምግቡ ያለ ፍሪጅ ሚቆየው በዚ ነው። ስለዚ ተበላሸብኝ ሚል ሰው ሁሉ ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ ውሃው በደንብ አልወጣም፣ ወይ ምግቡ ውስጥ ቅባት በዝቷል፣ ቅባት ደሞ ቢውል ቢያድር አይደርቅም። ከዚ በታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ለነዚ ለሁለቱ ነው።

«ቋንጣና ድርቆሽ በፀሐይ እናደርቅ የለ እንዴ፣ ማሽን ምን ያረጋል?» ምትሉም አላችሁ። በበጋ ልክ ናችሁ፣ በተለይ ኮምቦልቻ ያላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የደሴ ጉም ካልሲ እንኳ አያደርቅም። ወጥ ደሞ በበጋም ቢሆን ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ሳይደርቅ ይኮመጥጣል።

ሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ማድረቂያ ማሽን፣ የግድ ሙቀቱን መምረጥ ሚያስችል። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያለውን ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፣ ጎመንና ሥጋ በአንድ ሙቀት አይደርቁም።
- ወጥ ሚዘረጋበት ሲልከን ወይም የኬክ መጋገሪያ ወረቀት። ፌስታልና ላስቲክ አይሆንም።
- ስል ቢላ፣ ካሮት መፈቅፈቂያ፣ ማጥለያ
- የኩሽና ሚዛን (ይሄን አትዝለሉት፣ ዋናው ምስጢር እሱ ነው)
- ሎሚ
- ክዳኑ ጥብቅ ሚል የመስታወት ጠርሙስ፣ የማር ወይ የኦቾሎኒ ቅቤ የነበረበት ታጥቦ ይሆናል
- ዚፕ ያለው ወፍራም ፌስታልና ማርከር
- ለጉዞው፦ ክዳን ያለው ቀላል ድስት፣ ትንሽዬ ጋዝ፣ በትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ ጋቢ። ጋቢው ለብርድ ብቻ አይደለም፣ ታች ታዩታላችሁ።

ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት

ማሽኑን ዘመድ ከውጭ ያመጣላችሁ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። የአሜሪካው 110 ወይ 120 ቮልት ይላል፣ የኛ መብራት 220 ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሳላነብ ሰካሁት፣ ደቂቃ ሳይሞላ ፋኑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ እማ ከጓዳ «ምን ለኮስሽ!» እያለች ስትደርስ ማሽኑ አልቆለት ነበር። 110 ከሆነ ትራንስፎርመር ግድ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ደሞ ከማሽኑ ዋት ሰፋ ያለ መሸከም አለበት፣ ለ500 ዋት ማሽን የ1000 ዋት ብትይዙ ይሻላል ምክንያቱም 10 ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ ነው ሚሰራው። 220–240 ሚል ከተጻፈበት ግን ዝም ብላችሁ ሰኩት።

ሌላው፣ የአሜሪካ ማሽን ሙቀቱን በፋረንሃይት ነው ሚጽፈው። 135 ሲል አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ 57 ሴንቲግሬድ ማለት ነው። 95 ማለት 35፣ 125 ማለት 52፣ 145 ማለት 63፣ 160 ማለት 71። እኔ ከዚ በኋላ ምጽፈው ሁሉ በሴንቲግሬድ ነው።

ለመብራት ቆጣሪ ምትፈሩ፣ 400 ዋት ሚወስድ ማሽን 10 ሰዓት ቢሰራ ቢበዛ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሁሉንም ትሪ ሞልታችሁ አንዴ ብታደርቁ ነው ሚያዋጣው፣ ለአንድ ትሪ ቲማቲም ማሽን አይከፈትም።

አሠራሩ

1. ሚደርቀውን ከማይደርቀው ለዩ

በደንብ ሚደርቁት ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ የበሰለ ሽሮ፣ ቁሌት፣ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ እንጀራ፣ ሙዝና ማንጎ ናቸው። ማይሆኑት ቅቤ፣ አይብ፣ ወተት፣ አቮካዶና ጮማ ያለው ሥጋ፣ ቅባታቸው ሳይደርቅ ይቀርና በሳምንት ውስጥ ይሸታል። እንቁላል በፍጹም። የማድረቂያው ሙቀት እንቁላል ላይ ያለውን ሳልሞኔላ አይገድልም፣ እንደውም ሰዓታት ሙሉ እያሞቀ ሊያራባው ይችላል። «ዶሮ ወጥስ?» ላላችሁኝ፣ ቅቤው አለ፣ አጥንቱ አለ፣ እንቁላሉ አለ፣ ስለዚ እሱን ቤታችሁ ተመልሳችሁ ብሉ።

ሽሮ ላይ ሁሌ ክርክር አለ፣ «ዱቄቱ ራሱ ደረቅ አይደል፣ ለምን አብስለሽ ታደርቂያለሽ?» ይሉኛል። ዱቄቱ ጥሬ ነው። ተራራ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ መንተክተክ ይፈልጋል፣ ያ ሁሉ ጋዝ ነው፣ ካልበሰለ ደሞ ሆድ ይነፋል፣ በአንድ ድንኳን ለሦስት ለምታድሩ ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አብስላችሁ ያደረቃችሁት ግን ፈልቶ ትንሽ ካረፈ ይበቃዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀይ ቦሎቄ ማድረቅ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ዘፍዝፋችሁ፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ደፍታችሁ፣ ፍጹም እስኪልም ቀቅሉት፣ ፕሬሸር ካላችሁ በፕሬሸር። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ኃይለኛ ማስታወክ ሚያመጣ መርዝ አለው፣ መርዙን ሚያጠፋው በደንብ መፍላት ብቻ ነው። የማድረቂያ ሙቀት አይነካውም።

2. በትንሽ ዘይት አብስሉ

ምስር ወጥን ለምሳሌ ልውሰድ፣ ሌላውም በዚው መንገድ ነው። ለ5 ሰው አንድ ራት ሚሆን፦ ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ፣ 3 ትልልቅ ሽንኩርት በጣም ደቆ ሚከተፍ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። አዎ 2 ማንኪያ ብቻ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በራሱ ውሃ አቁላሉት፣ ሲይዝባችሁ ውሃ ጠብ አርጉ፣ ዘይቱን በርበሬው ሲገባ ጨምሩ። እማ ድስቱን አይታ «ይሄ ወጥ ነው ወይስ የሕመምተኛ ምግብ?» ብላኛለች፣ ግን የቀረውን ዘይት በጠርሙስ ይዤው እሄድና ካምፕ ላይ ነው ምጨምረው፣ ጣዕሙ እዛ ይመለሳል።

ወጡ ወፈር ይበል፣ ምስሩም እስኪፈርስ ይብሰል። የቀጠነ ወጥ ብትዘረጉ ሦስት አራት ሰዓት ተጨማሪ መብራት ነው። ሽንኩርቱን ደቆ ክተፉት ያልኩት ትልልቅ ቁራጭ ከምስሩ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ነው፣ ያ አንድ እርጥብ ቁራጭ ከረጢቱን ሙሉ ያሻግታል። ጨው ቀነስ አርጉ፣ ውሃው ሲወጣ ጨው አብሮ አይወጣም፣ እያነሰ በሄደ ቁጥር ይከማቻል።

አንድ የምመክረው፣ የቡድን ጉዞ ከሆነ ወጡ ያለ ሥጋ ይሁን። ወሎ ላይ አብሮን ሚወጣው ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ ከሱም ጾመኛ አይጠፋም፣ የምስርና የሽሮ ከሆነ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል፣ ሥጋ ካለ ሁለት ድስት ሁለት እሳት ነው።

3. ጥሬውን አትክልት አዘጋጁ

ድንች፣ ካሮትና ጎመን ዝም ብሎ ተቆርጦ አይገባም። ጥሬ ድንች ማሽኑ ውስጥ ይጠቁራል፣ ካምፕ ላይ ብትቀቅሉትም ቆዳ ነው ሚሆነው። ፈልቶ ሚንፈቀፈቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አስገብታችሁ አውጡ፣ ስስ የተቆረጠ ድንች 8 ደቂቃ፣ ካሮት 4፣ ጎመን 3። ሌላ ቦታ ያነበባችሁት ሰዓት ከዚ ካጠረ አትገረሙ፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው ሚፈላው፣ ኮምቦልቻ ወረድ ስለሚል 94 ይደርሳል። ስለዚ አንድ ደቂቃ ጨምሬበታለሁ። እንዳወጣችሁት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ካልሆነ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ከዛ አጥልሉና በንጹህ ጨርቅ መጥጡት።

ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ይሄ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፣ ቆርጦ መደርደር ነው። ሙዝና ማንጎ ደሞ ሁለት ኩባያ ውሃ ላይ አንድ ሎሚ ጭመቁና 5 ደቂቃ ንከሯቸው፣ ሎሚው እንዳይጠቁሩ ይጠብቃቸዋል።

4. ስስ አርጋችሁ ዘርጉ

ወጥ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ አይወፍር። በማንኪያ ጀርባ እንደ እንጀራ ሊጥ ከዳር እስከ ዳር አስተካክሉት፣ ያ የግማሽ ኪሎ ምስር ወጥ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ይወጣዋል፣ መካከለኛ ስፋት ያላቸውን 5 ትሪዎች ይሸፍናል። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ክብ ማሽን ከሆነ ወረቀቱን ስትቆርጡ ቀዳዳውን ክፍት ተዉት፣ አየሩ ሚያልፈው በሱ ነው፣ ከደፈናችሁት የላይኛው ትሪ እንደረጠበ ያድራል።

ቁርጥራጭ ሲሆን ሁሉም እኩል ውፍረት ይኑረው፣ ግማሽ ሴንቲ ገደማ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይደረብ። የተደረበበት ቦታ ውሃ ይቋጥራል።

5. ሙቀትና ሰዓት

- ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ቁሌት፦ 57 ዲግሪ፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት
- ሩዝና ማካሮኒ (የበሰለ)፦ 57፣ ከ4 እስከ 6
- ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፦ ከ52 እስከ 57፣ ከ6 እስከ 10
- ጎመን፦ 52፣ ከ4 እስከ 6
- ቲማቲም፣ ሙዝ፣ ማንጎ፦ 57፣ ከ8 እስከ 12
- እንጀራ፦ 57፣ ከ3 እስከ 5
- የተፈጨ የበሰለ ሥጋ፦ ከ63 እስከ 71፣ ከ6 እስከ 8

ሰዓቱ ግምት ነው። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ይረዝማል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥም ይረዝማል። ኮምቦልቻ ያለችው ጓደኛዬ ከኔ ሁሌ አንድ ሰዓት ቀድማ ነው ምትጨርሰው። እኔ ማታ 2 ሰዓት ከፍቼው ጠዋት 12 ሰዓት ነው ማየው። ሽንኩርት ካለ ግን በረንዳ ላይ አውጡት፣ ጣሪያ ያለበት ቦታ፣ ካልሆነ ትራሳችሁ ሳይቀር ቁሌት ቁሌት ይሸታል።

«ሙቀቱን 70 ባረገው ቶሎ አይደርቅም?» ሚል አይጠፋም። አይደርቅም። ላዩ በአንዴ ይደርቅና እንደ ቅርፊት ይዘጋል፣ የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። ስትነኩት ደረቅ ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ቀን ሲቆይ ክዳኑ ላይ ላብ ታያላችሁ። ከሁሉም ስህተት በብዛት ያየሁት ይሄን ነው።

6. መሃል ላይ አገላብጡ

በ4ኛው ወይ በ5ኛው ሰዓት (እኔ ሽንት ቤት ስነሳ ነው ማደርገው፣ ማንቂያ ምሞላበት ጊዜም አለ) ወጡ ላዩ ደርቆ ከወረቀቱ መላቀቅ ይጀምራል። ገልብጡት፣ ወረቀቱን ላጡት፣ በእጃችሁ ቆራርሱት። ታቹ እርጥብ ሆኖ ነው ምታገኙት፣ አየር ስላልነካው ነው። የላይኛውን ትሪ ወደ ታች የታችኛውን ወደ ላይ ቀያይሩ፣ ፋኑ ጋ ቅርብ ያለው ሁሌ ይቀድማል። ማገላበጡን ከዘለላችሁ ሁለት ሰዓት መጨመር ብቻ ሳይሆን መሃሉ እንደ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል።

7. መድረቁን በእጅም በሚዛንም አረጋግጡ

ትኩስ እያለ ሁሉም ነገር ለስላሳ ነው፣ ስለዚ አንድ ሁለት ቁራጭ አውጥታችሁ 5 ደቂቃ አብርዱና ሞክሩት። ምስር ወጥ በጣት ስትፈጩት ብን ማለት አለበት፣ እንደ ደረቀ ጭቃ። ጎመን ድቅቅ ይላል። ድንችና ካሮት ሲሰበሩ ቀጭ ይላሉ። ቲማቲም እንደ ቆዳ ሆኖ ሲታጠፍ ጠብታ አያወጣም። ሙዝና ማንጎ ይለጠጣሉ ግን አይጣበቁም።

ሚዛኑ እዚ ላይ ነው ሚጠቅመው። ወጡን ከመዘርጋታችሁ በፊት መዝኑ፣ ሲያልቅ መዝኑ፣ ጻፉት። የኔ ግማሽ ኪሎ ምስር 1600 ግራም ወጥ ሆኖ ገብቶ 600 ግራም አካባቢ ሆኖ ነው ሚወጣው፣ ይሄ ማለት 1 ሊትር ውሃ ከቦርሳዬ ወረደ ማለት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሩ 750 ላይ ከቆመባችሁ በእጅ ደረቅ ቢመስልም ገና ነው፣ መልሱት።

8. አብርዱ፣ እሹ፣ አሽጉ

ትኩሱን አታሽጉ፣ እንፋሎቱ ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይመለሳል። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ግን ደሞ ጠረጴዛ ላይ ረስታችሁት እንዳትውሉ፣ ደረቅ ምግብ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ በክረምት በተለይ።

ወጡን በእጅ እሹት ወይ ብሌንደር ውስጥ አንዴ ሁለቴ ብቻ አዙሩት፣ በደቀቀ ቁጥር ካምፕ ላይ ቶሎ ይርሳል። አትክልትና ፍራፍሬ ከሆነ ወዲያው ፌስታል ውስጥ አታሽጉ፣ ጠርሙሱን እስከ ሁለት ሦስተኛው ሞልታችሁ ሳምንት ያህል በየቀኑ ነቅነቅ እያረጋችሁ እዩት። ጠርሙሱ ውስጥ ጤዛ ካያችሁ ወደ ማሽኑ ይመለስ፣ ሻጋታ ካያችሁ ሁሉንም ጣሉት፣ የሻገተውን ለቅሞ ቀሪውን መብላት የለም፣ መርዙ ከሚታየው ቦታ ያልፋል። ይሄ ሳምንት ለምን መሰላችሁ፣ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ትንሽ ይረጥባል፣ አብረው ሲቆዩ እርጥበቱ እኩል ይከፋፈላል።

ከዛ በሰው በሰው አሽጉ። ለአንድ ሰው ለአንድ ራት 120 ግራም ደረቅ ወጥ ይበቃል፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት ለወጣ 150። አየሩን ጨምቃችሁ አውጡ፣ ማርከር አንሱና ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደደረቀ፣ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ ፌስታሉ ላይ ጻፉ። ሲደቅ ሽሮና ክክ አልጫ ተመሳሳይ ናቸው፣ አንዴ በጨለማ በስህተት ሁለቱን ቀላቅዬ አብልቻለሁ (ማንም አላወቀም)።

ሥጋ የሌለበት፣ ዘይቱ ያነሰ ወጥ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ጥቂት ወራት ይቆያል። እስክትሄዱ ፍሪጅ ውስጥ ብትተዉት ደሞ ምንም ጉዳት የለውም።

ሥጋ ማድረቅ ለምትፈልጉ

እዚ ጋ ቀልድ የለም። ሥጋው ጮማም ሞራም የሌለው ቀይ ይሁን፣ የተፈጨ ይሁን። ትልልቅ ኩብ አርጋችሁ ያደረቃችሁት ሥጋ ካምፕ ላይ ሁለት ሰዓት ብትቀቅሉትም ድድ ያደማል።

ለግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ግማሽ ኩባያ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ጨምራችሁ እሹት። ፍርፋሪው ሥጋው መሃል ውሃ ሚገባበት መንገድ ይከፍታል፣ ያለሱ እንደ ጠጠር ሆኖ ነው ሚቀረው። ያለ ዘይት አብስሉት፣ ቡናማ እስኪሆን፣ ምንም ቀይ እስከማይታይ፣ ቴርሞሜትር ካላችሁ 71 ዲግሪ ይለፍ። ከዛ ማጥለያ ላይ አርጋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ የወጣው ስብ ሁሉ ይሂድ። ደረቅ አርጋችሁ ዘርጉ፣ ማሽኑ እየሰራ ላዩ ላይ ቅባት ካወዛ በሶፍት ጠርጉት።

«ቋንጣውን ለምን ጥሬውን ማሽኑ ውስጥ አልሰቅለውም፣ 71 ዲግሪ ይላል እኮ?» 71 ያለው አየሩ ነው፣ ሥጋው አይደለም። እርጥብ ሥጋ ውሃው በሚተንበት ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ላብ ሰውን እንደሚያቀዘቅዝ ማለት ነው፣ ስለዚ ለሰዓታት ለባክቴሪያ ምቹ ሆኖ ይቆያል፣ እየደረቀ ሲሄድ ደሞ የተረፈው ባክቴሪያ ሙቀትን ይለምዳል። ስለዚ ቋንጣውን በቅመም ውሃ ውስጥ መሃሉ እስኪበስል አፍልታችሁ ከዛ አድርቁት። ያደረቃችሁትን ሥጋ እስከ ጉዞው ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩ፣ ከፍሪዘር ከወጣ በኋላ በሳምንት ውስጥ ጨርሱት።

መብራት ሲሄድ

ይሄን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል፣ መልሱ ምግቡ ምን እንደሆነና የት እንደደረሰ ነው። ማሽኑን አትክፈቱት፣ ለትንሽ ጊዜ ሙቀቱን ይይዛል። ከሁለት ሰዓት ካለፈና ወጡ ገና እርጥብ ከሆነ አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪጁም ጠፍቶ ስለሚሆን ቶሎ ከፍቶ ቶሎ መዝጋት) አስገቡት፣ መብራት ሲመጣ ድስት ላይ መልሳችሁ በደንብ አፍሉትና እንደገና ዘርጉት። ከግማሽ በላይ የደረቀ አትክልት ከሆነ አይጨነቁ፣ ሲመጣ ይቀጥላል። ሥጋ ሆኖ እርጥብ እንዳለ 2 ሰዓት ካለፈው ይጣል። ተኝታችሁ መቼ እንደጠፋና መቼ እንደመጣ ካላወቃችሁስ? እኔ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሲኒ ውሃ አቀዘቅዝና ማታ ከማሽኑ ጎን ሳይሆን እዛው ፍሪዘር ውስጥ ላዩ ላይ ሳንቲም አርጌ እተዋለሁ፣ ጠዋት ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኘሁት መብራቱ ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ነበር ማለት ነው (አልሰመጠም ማለት ግን ጭራሽ አልጠፋም ማለት አይደለም፣ በረዶው ቶሎ አይቀልጥም)። ከዛ በኋላ ያለው ሥጋ ለድመት እንኳ አልሰጥም።

ካምፕ ላይ

ውሃ ሚፈላው ከቤታችሁም ባነሰ ሙቀት ነው፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ 3500 ሜትር ላይ 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይፈላል ግን ቶሎ አያበስልም። ስለዚ ጋዝ አታባክኑ፣ እንዲህ አርጉ፦ ድንኳን መትከል ከመጀመራችሁ በፊት ደረቁን ወጥ ድስት ውስጥ ክተቱና ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ ለ120 ግራም 250 ሚሊ ሊትር ገደማ። ግማሽ ሰዓት ይንከር። ከዛ እሳት ላይ ጣዱት፣ ከፈላ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እያማሰላችሁ አቆዩት፣ የምንጭ ውሃ ከሆነ ሦስቱ ደቂቃ የግድ ነው ምክንያቱም ከ2000 ሜትር በላይ የውሃውን ጀርም ለመግደል አንድ ደቂቃ መፍላት አይበቃም። አውርዱት፣ ዘይቱን ጨምሩ፣ ክደኑት፣ ድስቱን በፌስታል ከዛ በጋቢ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ተዉት። ጋዝ ሳትጨርሱ ጋቢው ያበስልላችኋል። (ፌስታሉ ጋቢው ጥላሸት እንዳይነካው ነው፣ ግን ድስቱ ትንሽ ሳይበርድ ፌስታሉ ይቀልጣል፣ መጀመሪያ ደረቅ ሳር ላይ አሳርፉት።)

ከቀጠነ ክፍት አርጋችሁ ትንሽ አንተክትኩት፣ ከወፈረ ውሃ ጨምሩ፣ መጀመሪያ ግን ውሃ አሳንሱ።

ለድርቆሽ ፍርፍር መጀመሪያ የደረቀውን ቁሌት ብቻ ከብዙ ውሃ ጋር አፍሉት፣ እሳቱን አጥፉ፣ ከዛ ድርቆሹን ጨምራችሁ አንዴ ገልብጡት። ድርቆሽ አብሮ ከፈላ ገንፎ ይሆናል። ለድርቆሹ ሚሆነው እንጀራ የዕለቱ ወይ የማግስቱ ነው፣ ሦስት ቀን ያደረ እንጀራ ሻጋታው ሳይታያችሁ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

አንዴ ውሃ የነካው ምግብ ደረቅ ምግብ አይደለም፣ ተራ ወጥ ነው። የተረፈውን «ለነገ» ብላችሁ ቦርሳ ውስጥ አትያዙት።

ሌሎች ሰዎች ሚሳሳቷቸው

ወጡን በቅቤ ሰርቶ ማድረቅ፣ እኔም አርጌዋለሁ፣ ሐይቅ ላይ ፌስታሉን ስከፍተው ሽታው ከድንኳን አስወጣን፣ ያን ቀን ራት በሶ ነበር። ቅቤ በትንሽ ዕቃ ለብቻው ይያዝ።

ሥጋና ሙዝ በአንድ ጊዜ መክተት፣ ሙቀታቸውም አይገናኝ፣ ሙዙም ሥጋ ሥጋ ይላል።

አዲስ ነገር በቀጥታ ለጉዞ መያዝ። ቤት ውስጥ አንድ ፌስታል ከፍታችሁ በዛው በትንሿ ጋዝ ሞክሩት፣ ውሃው ስንት እንደሚበቃው እዛው ታውቃላችሁ።

ትሪውን ሳይታጠብ ማስቀመጥ። በርበሬ ሲልከኑን ያቀላዋል፣ ምንም ብታሹት አይለቅም፣ እኔ ሁለቱን ለቀይ ወጥ ለይቼ ምልክት አርጌባቸዋለሁ፣ ሙዝና ማንጎ በሌሎቹ ላይ ነው ሚገቡት። የተጣበቀውን በቢላ አትፋቁት፣ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ ራሱ ይለቃል። ፋኑና ሞተሩ ያለበትን ክፍል ግን ውሃ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ነቅላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።